ምሽት ላይ ሰርቨሩ ለምን ይቆማል?

ጅማ ላይ ቡና ሲደርስ የዋጋ ድረ-ገጾች ይጨናነቃሉ። ከጥቅምት ጀምሮ የእሸቱንና የጀንፈሉን ዋጋ ለማየት ነጋዴውም ገበሬውም ምሽት ላይ ስልኩን ይከፍታል። ገጹ ዝም ሲል ስልክ ይደወላል፦ «አንተ ልጅ፣ ዛሬም ሲስተም የለም እንዴ?» የድረ-ገጹ ባለቤት መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ራም መጨመር ነው። አይቸኩል። የዘገየ ሰርቨር የሆነ ነገር እየጠበቀ ነው። ምን እንደሚጠብቅ ሳይታወቅ የሚወጣ ዶላር ውሃ በላው ማለት ነው።

ሎግ (ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል) ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ነገር። አብዛኛው የኪራይ ሰርቨር ሰዓቱ ዩቲሲ ነው፤ ከኢትዮጵያ በ3 ሰዓት ወደኋላ የቀረው ዓለም አቀፍ ሰዓት። ደንበኛው «ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ቆመ» ሲላችሁ ሎጉ ላይ 17:00 ብላችሁ ፈልጉ። 20:00 ላይ ከፈለጋችሁ የምታዩት ከምሽቱ 5 ሰዓትን ነው፤ ያኔ ግማሹ ሰው ተኝቷል፣ ሰርቨሩም ሰላም ነው።

ሰው ቢኖርም ባይኖርም ቀርፋፋ ነው

ይሄ ብዙ ጊዜ የሰርቨሩ ጥፋት አይደለም፤ የርቀት ነው። ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ጥያቄው ከጅማ ተነስቶ በአዲስ አበባ አድርጎ ከአገር ይወጣል፣ ከዚያ በባሕር ስር ገመድ ይሻገራል። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ገመዱ 7,000 ኪሎ ሜትር ቢሆን ደርሶ መልሱ ቢያንስ 70 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በተግባር ከዚያ በላይ ነው። ችግሩ ምልልሱ አንድ ጊዜ ብቻ አለመሆኑ ነው። ግንኙነት ለመክፈት አንድ፣ በቲኤልኤስ 1.2 (ግንኙነቱን በሚያመሳጥረው ደንብ) ለመመሳጠር ሁለት፣ ገጹን ለመጠየቅ ደግሞ አንድ።

ለማረጋገጥ ገጹን በከርል (ገጽ በሚጠራው የተርሚናል ትእዛዝ) ሁለት ጊዜ ጥሩት፤ አንዴ ከጅማ፣ አንዴ ሰርቨሩ ውስጥ ገብታችሁ። እዚያው ውስጥ በ50 ሚሊ ሰከንድ ከመለሰ ሰርቨሩን ተዉት። ቲኤልኤስ 1.3 ክፈቱ፤ አንድ ምልልስ ይቀንሳል። ኤችቲቲፒ 2 ክፈቱ፤ በአንድ ግንኙነት ብዙ ፋይል አብሮ ይመጣል። ሥዕሎችን በሲዲኤን (ፋይሉን ለጎብኚው ቅርብ ከሆነ ሰርቨር በሚሰጥ አገልግሎት) አቅርቡ። ኡቡንቱ ሊኑክስ ላይ ኤንጂንኤክስ (የጎብኚውን ጥያቄ የሚቀበለውን ፕሮግራም) ከጫናችሁ የማዋቀሪያ ፋይሉን እዩት፦ ፋይል የሚጨምቀው ጂዚፕ የበራ ይመስላል፣ ግን የፋይል ዓይነቶቹን የሚዘረዝረው መስመር ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ የሚጨመቀው ኤችቲኤምኤል ብቻ ነው፤ ጃቫስክሪፕቱና ሲኤስኤሱ እንዳለ ይጓዛል። ከመስመሩ ፊት ያለውን የ# ምልክት አንሱት። የቡና ናሙና ፎቶም ከስልክ እንደወጣ በ4 ሜጋባይቱ አይለጠፍም። ወርዱን ወደ 1,200 ፒክስል አውርዳችሁ ዌብፒ በሚባለው ቀላል የሥዕል ዓይነት አስቀምጡት።

ቀን ደህና ነው፣ ምሽት ላይ 502 ወይም 504 ይላል

ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው። 502ም 504ም ኤንጂንኤክስ ከኋላው ካለው ፕሮግራም ደህና መልስ ሲያጣ የሚያወጣቸው ስህተቶች ናቸው። የፒኤችፒ-ኤፍፒኤምን (ገጹን የሚሠራውን ፕሮግራም) ሎግ ክፈቱ። «ማክስ ችልድረን ላይ ደርሷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ፣ ገጽ የሚሠሩት ፕሮሰሶች ሁሉም ተይዘዋል። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ ሳይነካ የሚመጣው የፕሮሰስ ብዛት ገደብ 5 ነው። አምስት! በገበያ ቀን ምሽት ይሄ ምን ያደርጋል?

ቁጥሩን በግምት አትጨምሩ። አንዱ ፕሮሰስ ስንት ራም እንደሚበላ እዩ። 60 ሜጋባይት ነው እንበል። ሰርቨሩ 4 ጊጋ ካለው ለዳታቤዙና ለሲስተሙ 2 ጊጋ ያዙ። የቀረው 2 ጊጋ ለ60 ሲካፈል 33 ይመጣል። 30 አድርጉና ቁሙ። በጉጉት 200 ያደረገ ሰው ማሽኑን ወደ ስዋፕ (በራም ምትክ ዲስክ ወደመጠቀም) ይገፋዋል፤ ያን ጊዜ ሰርቨር ውስጥ መግባት ራሱ ፈተና ነው።

ግን ቆይ። አምስቱ የተያዙት ለምንድን ነው? ምግብ ቤት ውስጥ ወጥ ቤቱ ከዘገየ አስተናጋጅ መጨመር ትርፉ ግፊያ ነው። እዚህም ፕሮሰሶቹ ዳታቤዝ እየጠበቁ ከሆነ ቁጥሩን ስታበዙ ጫናው ወደ ዳታቤዙ፣ ወደ ማይኤስኪውኤል ይሄዳል። እሱ ደግሞ ሳይነካ የሚቀበለው 151 ግንኙነት ነው፤ ከዚያ ወዲያ «ግንኙነት በዛብኝ» ብሎ ይዘጋል።

ስለዚህ የዘገምተኛ ኩዌሪ ሎጉን (ዳታቤዙ ለመመለስ የዘገየባቸውን ጥያቄዎች የሚመዘግበውን) አብሩ። ልማዱ ከ10 ሰከንድ በላይ የፈጀውን ብቻ መመዝገብ ነው፤ ወደ 1 ሰከንድ አውርዱት። አንድ ምሽት አሳድሩትና ጠዋት ክፈቱት። ብዙውን ጊዜ ሎጉን የሚሞላው ያው አንድ ኩዌሪ ነው። እንዲህ ያለ፦ «የአጋሮን የዛሬ ዋጋ አምጣ»፤ ግን የቀኑ ዓምድ ዴት በሚባለው ፋንክሽን ተጠቅልሏል። ዓምዱ በፋንክሽን ከተጠቀለለ በእሱ ላይ ያለው ተራ ኢንዴክስ (የፍለጋ ማውጫ) ለፍለጋው አይሠራም። ዳታቤዙ የአጋሮን፣ የሊሙን፣ የጌራን፣ የሁሉንም ዓመታት ዋጋ አንድ በአንድ ያገላብጣል። ኤክስፕሌን ብላችሁ እንዴት እንደሚፈልግ ስትጠይቁት «ኦል» (ሙሉ ሠንጠረዡን) የሚል ካወጣ እሱ ነው። ፋንክሽኑን አውጡት። «ከዛሬ መነሻ ጀምሮ፣ ከነገ መነሻ በፊት» ብላችሁ ጻፉት። ከዚያ ቦታንና ቀንን አንድ ላይ የያዘ ኢንዴክስ ሥሩ። እዚያው ሳላችሁ የኢኖዲቢን በፈር ፑል (ማይኤስኪውኤል ዳታውን ራም ላይ የሚይዝበትን ቦታ) እዩ፤ ልማዱ 128 ሜጋባይት ነው። በ4 ጊጋው ማሽን 1 ጊጋ ስጡት።

ቀጥሎ ካሽ፣ ማለትም አንዴ የተሠራውን ገጽ አስቀምጦ ለሌላውም መስጠት። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። የዋጋ ገጽ ለሁሉም ሰው አንድ ነው፤ በየሰከንዱ መቶ ጊዜ እንደ አዲስ መሥራት ምን አመጣው? ኤንጂንኤክስ ለ10 ሰከንድ ብቻ እንዲይዘው አድርጉ። በሰከንድ 50 ጥያቄ ቢመጣ በ10 ሰከንድ 500 ነው፤ ፒኤችፒ ጋ የሚደርሰው ግን 1 ይሆናል። የካሽ ሎክን (ገጹ ካሽ ውስጥ ገና ከሌለ አንድ ጥያቄ ብቻ የሚያሳልፈውን) እና «ዩዝ ስቴል አፕዴቲንግ»ን (ካሹ ሲያልቅ አዲሱ እስኪሠራ አሮጌውን የሚሰጠውን) አብሩ፤ አለበለዚያ ካሹ ባለቀባት ቅጽበት ሁሉም ተንጋግቶ ይገባል። በይለፍ ቃል የገባ ሰው ገጽ ግን በፍጹም ካሽ አይደረግ። የአንዱን ነጋዴ ሂሳብ ሌላው ካየው ሌላ ጣጣ ነው።

ሲፒዩው ሥራ ፈቷል፣ ሎዱ ግን ጣራ ነክቷል

ሊኑክስ ሎድ (እየሠሩ ያሉና ተራ የሚጠብቁ ፕሮሰሶችን ብዛት) ሲቆጥር ዲስክ የሚጠብቁትንም ይጨምራል። ቶፕ በሚለው ትእዛዝ ላይ «ደብሊውኤ» የምትለዋን ቁጥር እዩ። ከፍ ካለች ወገቡ የተያዘው ዲስኩ ላይ ነው። ቪኤምስታት በሚለው ትእዛዝ ላይ የስዋፕ መግቢያና መውጫ ዓምዶች ዜሮ ካልሆኑና ካላቆሙ ደግሞ ራም አልቋል፤ ወደ ላይኛው ስሌት ተመለሱ።

ሁሉም ነገር በድንገት ቆመ

ዲስኩ ሞልቶ እንዳይሆን። ሎጉ ሳይቆረጥ ወራት ተከማችቶ ይሆናል። ሎጉን በየጊዜው የሚቆርጠው ሎግሮቴት መሥራቱን አረጋግጡ።

ጎብኚው አልጨመረም፣ ጥያቄው ግን እጥፍ ሆኗል

ብዙ ጊዜ ቦቶች (ሰው ሳይሆኑ ገጽ የሚጠይቁ ፕሮግራሞች) ናቸው። አክሰስ ሎጉን (የመጣ ጥያቄ ሁሉ የሚመዘገብበትን) በአይፒ፣ ማለትም በኢንተርኔት አድራሻ፣ ቆጥሩት። እዚህ ላይ ግን ተጠንቀቁ፦ የሞባይል ኔትወርክ ብዙ ደንበኛን በአንድ አይፒ ሊያወጣ ይችላል። «ይሄ አይፒ በዛ» ብላችሁ ስትዘጉ የዘጋችሁት ግማሽ ጅማን ሊሆን ይችላል። የጥያቄ ብዛት ገደብ እንደ ፍለጋና የይለፍ ቃል መግቢያ ባሉ ከባድ ገጾች ላይ ብቻ አድርጉ፣ ለዋጋው ገጽ በሩን ክፍት ተዉት።

አንዱን ቀይራችሁ ለክታችሁ ነው ወደ ሌላው የሚኬደው። በአንድ ምሽት አምስት ነገር ከነካችሁ የትኛው እንደሠራ አታውቁም። በደብሊውአርኬ (ብዙ ጥያቄ በአንዴ በሚልክ መፈተኛ) ጫና ስትፈትኑም ከቤታችሁ ዋይፋይ ሳይሆን ከሰርቨሩ አጠገብ ካለ ሌላ ሰርቨር ይሁን፤ ካልሆነ የምትለኩት የራሳችሁን መስመር ነው። ሰዓቱም ንጋት ላይ፣ ነጋዴው ዋጋ መጠየቅ ሳይጀምር።