ከመኪና ጣራ በመስታወት የሚቀረጽ የ360 ዲግሪ ቪዲዮ፦ ችግርና መፍትሄ

ይህ መመሪያ የሚመለከተው ወደ ላይ የቀና አንድ ካሜራና ከበላዩ የተገጠመ ኮንቬክስ (ወደ ውጭ የጎበጠ) መስታወት ያለውን ዕቃ ነው። ካሜራው የሚቀርጸው ቀለበት ነው፤ መሃሉ ላይ ካሜራው ራሱና የመኪናው ጣራ፣ ወደ ዳር አድማሱ፣ ጠርዙ ላይ ሰማዩ ይታያል። ሶፍትዌሩ ይህን ቀለበት ወደ ረጅም ፓኖራማ ይዘረጋዋል። ችግር ሲገጥም ሶፍትዌሩን ከመነካካት በፊት ጥሬውን ቀለበት ይክፈቱ። አብዛኛው ጥፋት የሚመነጨው ከመስታወቱና ከካሜራው አቀማመጥ ስለሆነ እዚያው ይታያል።

አድማሱ እንደ ሞገድ ከፍና ዝቅ ይላል

በብዛት የሚያጋጥመው ይህ ነው፤ በብዛት በስህተት የሚጠገነውም ይህ ነው። መንስኤው ሁለት ሲሆን ውጤቱ ግን አንድ ይመስላል። ለመለየት በተዘረጋው ምስል ላይ የመስታወቱን የውጭ ጠርዝ ይመልከቱ።

ጠርዙም አብሮ ከሞገደ ለሶፍትዌሩ የተሰጠው የመሃል ነጥብ ስህተት ነው። በ4ኬ ቪዲዮ የፍሬሙ መሃል 1920 በ1080 ፒክስል ላይ ነው፤ የመስታወቱ መሃል ግን እዚያ ላይ የሚያርፈው አልፎ አልፎ ነው። በጥሬው ምስል ላይ ከጠርዙ ተራርቀው ያሉ ሦስት ነጥቦች ይውሰዱ፤ በሦስቱ የሚያልፈውን ክብ መሃል አስልተው ያስገቡ።

ጠርዙ ቀጥ ብሎ አድማሱ ብቻ ከሞገደ ዕቃው አዘንብሏል። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁመው በውሃ ልክ ያስተካክሉ። ጭነት ወይም ተሳፋሪ ሲገባ መኪናው ወደ ኋላ ስለሚቀመጥ ልኬቱ ከጫኑ በኋላ ይሁን።

የመስታወቱ ጠርዝ ክብ ሳይሆን ሞላላ ሆኖ ከታየ ግን በሶፍትዌር አይሞክሩት፤ ካሜራው የመስታወቱን ዘንግ ስቷል። ትክክል ሲሆን የካሜራው ሌንስ ነጸብራቅ በመስታወቱ ክብ እምብርት ላይ ይቀመጣል። እዚያ እስኪገባ ድረስ ከካሜራው መቀመጫ ሥር ስስ ሮንዴላ እያስገቡ ያስተካክሉ።

ሞገዱ መኪናው ቆሞ ሲቀርጹ የለም፣ ሲነዱ ይመጣል

መጀመሪያ የካሜራውን ኤሌክትሮኒክ ማረጋጊያ ያጥፉ። ማረጋጊያው መንቀጥቀጥ ሲሰማው ፍሬሙን ያንሸራትታል፤ መስታወቱ ግን ከካሜራው ጋር አብሮ ስለሚንቀሳቀስ በምስሉ ላይ ባለበት መቆየት ነበረበት። ስለዚህ የሚንሸራተተው የቀለበቱ መሃል ነው። ማረጋጋት ካስፈለገ ከተዘረጋ በኋላ ይሠራል።

ማረጋጊያው ጠፍቶም ካልቆመ መስታወቱ ላልቷል። ሞተሩን አጥፍተው መኪናውን በእጅ እየነቀነቁ ይቅረጹ፤ ከዚያ ሁለት ፍሬሞችን ደራርበው ያስተያዩ። ጠርዙ ከአንድ ፒክስል በላይ ከሄደ ብሎኖቹን ያጥብቁ። ንዝረት የሚቀንስ ጎማ ማስገባት የሚቻለው ከጠቅላላው ዕቃ ሥር፣ ከፖርቶ መጋላው ጋር በሚገናኝበት ቦታ ብቻ ነው። በካሜራውና በመስታወቱ መካከል ጎማ በጭራሽ አይግባ።

ኮብልስቶን ላይ ሕንፃዎች እንደ ጄሊ የሚርገበገቡ ከሆነ ደግሞ ምክንያቱ የካሜራው ሴንሰር ምስሉን መስመር በመስመር ማንበቡ ነው። ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ወደ 1/500 ሰከንድ ማፍጠን ብዥታውን ይቀንሳል፤ መጣመሙን ግን አያስቀርም። የሚበጀው ዕቃው የቆመበትን ምሰሶ ማሳጠርና በሦስት አቅጣጫ መወጠር ነው።

ምስሉ ብዥ ይላል

ካሜራው ማየት ያለበት ሩቁን ሕንፃ ሳይሆን መስታወቱ ውስጥ ያለውን ምስል ነው። ያ ምስል የሚፈጠረው ከመስታወቱ ገጽ ጀርባ ጥቂት ሴንቲሜትር ላይ ስለሆነ ሩቅ ላይ የተስተካከለ ፎከስ አይሠራም። አውቶፎከሱን አጥፍተው አድማሱ ባለበት የቀለበቱ ክፍል ላይ በእጅ ያስተካክሉ፤ ሌንሱ ከፈቀደ የብርሃን ቀዳዳውን ኤፍ/8 ላይ ያድርጉ። ፎከሱ የማይቀየር ካሜራ የማቅረቢያ ሌንስ ይፈልጋል፦ ምስሉ ከሌንሱ 15 ሴንቲሜትር ከራቀ 100 ለ15 ሲካፈል 6.7 ዳዮፕተር (የሌንስ ጉልበት መለኪያ) ገደማ ይሆናል።

ፎከሱ ትክክል ሆኖም ዝርዝር ከጠፋ ፒክስሉን ይቁጠሩ። በ1080 ቪዲዮ የቀለበቱ ራዲየስ ቢበዛ 540 ፒክስል ነው። የውስጡ 150 ቢሆን የፓኖራማው ቁመት 390፣ በመካከለኛው ራዲየስ ላይ ያለው ዙሪያ 2,168 ፒክስል ብቻ ነው። በ4ኬ ሁለቱም እጥፍ ይሆናሉ። ከዚያ በላይ መለጠጥ ፋይሉን ከማግዘፍ ሌላ ጥቅም የለውም።

ሰዎች አጥረው ወይም ረዝመው ይታያሉ

ሶፍትዌሩ ራዲየሱን በእኩል ስለሚከፋፍል ነው፤ መስታወቱ ግን እኩል አያከፋፍልም። መስታወቱን ከግድግዳ 2 ሜትር አርቀው፣ በመስታወቱ ቁመት ልክ አንድ ምልክት፣ ከእሱ በላይና በታች 35፣ 73 እና 115 ሴንቲሜትር ላይ ሌሎች ምልክቶች ያድርጉ። እነዚህ 10፣ 20 እና 30 ዲግሪ ናቸው። እያንዳንዱ በስንት ራዲየስ ላይ እንደወደቀ መዝግበው ሰንጠረዡን ለሶፍትዌሩ ይስጡ፤ ኤፍኤፍኤምፔግ (FFmpeg) በተባለው የቪዲዮ ሶፍትዌር ሪማፕ (remap) የተባለው ማጣሪያ ከሰንጠረዡ የተሠራውን ካርታ ይቀበላል። ታርጋና ጽሑፍ ተገልብጦ ከተነበበ የሚዘረጋበትን የዙር አቅጣጫ መቀየር ይበቃል።

ጥላ መሰል ሁለተኛ ምስል

ተራ መስታወት ብሩ (የሚያንጸባርቀው ቅብ) ከጀርባው ስለሆነ የፊት ገጹም የራሱን ደካማ ምስል ይጨምራል። ብሩ ከፊት የሆነ መስታወት ይግዙ፤ እሱ ግን በቀላሉ ስለሚጫር አቧራውን መጀመሪያ በአየር ያስወግዱ እንጂ በጨርቅ አይጥረጉት።

አንዱ ጎን ነጭ ሆኖ ይጠፋል

ከቀለበቱ ውጭ ያለው ጥቁር ካሜራውን ስለሚያሳስተው ብርሃን ይጨምራል። ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚቀበለውን የብርሃን መጠን) በእጅ፣ በቀለበቱ ብሩህ ክፍል ልክ ይቆልፉ። ፀሐይዋ ራሷ ቀለበቱ ውስጥ ከገባች ግን መፍትሄው ሰዓት መምረጥ ነው። አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከአድማስ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለምትሆን፣ ከዚያ በታች ብቻ የሚያይ መስታወት አያገኛትም።

ማታ መብራቶች ይርገበገባሉ

በኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመሩ 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩን 1/50 ወይም 1/100፣ በአሜሪካ 1/60 ወይም 1/120 ያድርጉ። የመኪኖች ኤልኢዲ መብራት ግን ከመስመሩ ጋር ስለማይገናኝ በዚህ አይስተካከልም፤ ሸተሩን ማዘግየት ብቻ ያለሳልሰዋል።