ሱባሩዎ ሲታጠፍ አልሄድም ይላል? ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት ጎማ ይለኩ

ግቢ ለመግባት መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዘዋል። መኪናው ግን ፍሬን እንደተያዘ ሁሉ አልሄድም ይላል። ነዳጅ ሲጨምሩ ይንገጫገጫል፣ ጎማው ይጮሃል። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደግሞ ምንም የለበትም። ጋራዥ ሲወስዱት የሚሰሙት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ "ካምቢዮው ይውረድ።" ቆዩማ፣ ገና አይውረድ።

መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የረዘመ መንገድ ይዞራሉ። ስለዚህ ፊትና ኋላ እኩል መሽከርከር የለባቸውም። እንደ ሱባሩ ሞተሩ አራቱንም ጎማ በሚያዞርበት መኪና ላይ ይህን ልዩነት የሚፈቅደው የመሃል ዲፈረንሻል ነው። እሱ ከተያዘ ፊትና ኋላ ይጓተታሉ፤ የሚገላገሉት አንዱ ጎማ ሲንሸራተት ብቻ ነው። ኮረኮንች ላይ ችግሩ የሚጠፋውም ለዚህ ነው። ያንኑ መታጠፊያ አፈር ላይ ይሞክሩት። እዚያ ለስልሶ አስፋልት ላይ ከባሰ ጥርጣሬዎ ትክክል ነው።

(አብዛኛው ሃይሉክስ የመሃል ዲፈረንሻል የለውም። ደረቅ አስፋልት ላይ ፎር ዊል አስገብተው ቢይዝ ጤነኛ ነው፤ ያውጡለት። የመጀመሪያው ትውልድ ማንዋል ራቭፎር ደግሞ ዳሽቦርዱ ላይ የመሃል መቆለፊያ ቁልፍ አለው። ልጅ ነካክቶት እንዳይሆን።)

መጀመሪያ ጎማ

እዚህ ላይ እኔም ተሞኝቻለሁ። ገንዘብ አጠረኝና ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ገዝቼ ፊት አስገጠምኩ። በሳምንቱ መኪናው መያዝ ጀመረ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። አዲስ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊሜትር አካባቢ ነው፤ ያረጀው 3 ቢሆን ልዩነቱ 5 ነው። በዙሪያው ሲለካ ወደ 31 ሚሊሜትር ይሆናል። ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 500 ጊዜ ያህል ስለሚዞር፣ ፊትና ኋላ በየኪሎ ሜትሩ 15 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ቀጥ ባለ መንገድም ዲፈረንሻሉ እረፍት የለውም ማለት ነው። ሱባሩ የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት ግን 6 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ጥርሱ ላይ 1 ሚሊሜትር ማለት ነው።

የልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው አራቱንም ጎማ ዙሪያቸውን ይለኩ። ነፋሱም እኩል ይሁን። ልዩነቱ ከበዛ አራቱንም መቀየር ነው። ያማል፣ አውቃለሁ።

ማንዋል ከሆነ

ጎማው ደህና ከሆነ ቀጣዩ የሚወሰነው በካምቢዮው ዓይነት ነው። በአብዛኛው የቆየ ማንዋል ሱባሩ ውስጥ እውነተኛ የጥርስ ዲፈረንሻል አለ፤ ኃይሉን ፊትና ኋላ እኩል ያካፍላል። ከጎኑ በወፍራም ሲሊኮን ፈሳሽ የተሞላና ስስ ሳህኖች የተደረደሩበት ቪስከስ አለ። አንዱ ወገን ሲፈጥን ፈሳሹ ይሞቅና ሁለቱን ያስተሳስራል። በተለያየ ጎማ ለረጅም ጊዜ ከተነዳ ይቃጠልና እንደተያዘ ይቀራል። ምልክቱ፦ ጠዋት ደህና ነው፣ ሲነዳ ውሎ ሲሞቅ ይብሳል።

ሲፈትሹት ሞተሩን ያጥፉ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ ይደግፉ። ማርሹን ፍሪ አድርገው አንድ የፊት ጎማ በክሪክ ያንሱና በእጅ ያዙሩት። ጤነኛ ከሆነ እየከበደም ቢሆን ቀስ እያለ ይዞራል። ፍንክች ካላለ ቪስከሱ አልቆለታል፤ ይቀየራል። ደግነቱ የሚገኘው ካምቢዮው ጭራ ላይ ስለሆነ ሙሉው ካምቢዮ ሳይወርድ ይሠራል። አንድ ጎማ በክሪክ ተነስቶ ግን ሞተር አስነስተው ማርሽ እንዳያስገቡ፤ መኪናው ከክሪኩ ላይ ዘሎ ይወርዳል።

አውቶማቲክ ከሆነ

በአብዛኛው የቆየ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክ ውስጥ የመሃል ዲፈረንሻል የሚባል ነገር የለም። ያለው በዘይት ግፊት የሚጨመቅ የፍሪሲዮን ሳህን ድርድር ነው። ግፊቱን የሚቆጣጠረው በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሶሌኖይድ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ) ነው። ሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ሳህኖቹ ይጨመቃሉ። ስለዚህ ሲበላሽ መኪናው ይይዛል።

እዚህ ሱባሩ ጥሩ መፈተሻ ትቶልናል። ሞተሩ ክፍል ውስጥ ኤፍ ደብልዩ ዲ (FWD) የተባለ ባዶ የፊውዝ ቦታ አለ። ፊውዝ ሲገባበት የኋላው ይለቀቅና መኪናው በፊት ጎማ ብቻ ይሄዳል። ገብቶም መያዙ ካልቀረ ሶሌኖይዱ፣ የሶሌኖይዱ ሽቦ ወይም ሳህኖቹ ተበላሽተዋል። ከቀረ እነሱ ይሠራሉ፤ ወደ ሴንሰር፣ ወደ ሴንሰሩ ሽቦና ወደ ዘይቱ ይሂዱ። ዘይቱ ከጠቆረ አንዴ ማውረድ አይበቃም። ብዙው ኮንቨርተር (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ስለሚቀር ሁለት ሦስት ጊዜ መቀየር አለበት። አንዳንዴ በዚያው ይድናል።

የተገላቢጦሹ ችግር

ጭቃ ላይ የፊት ጎማ ብቻ ከዞረና ኋላው ካላገዘ፣ በማንዋሉ ቪስከሱ ደክሟል። በአውቶማቲኩ ግን ሳህን ከማስቀየርዎ በፊት ያንን የፊውዝ ቦታ ከፍተው ይዩ። መያዙን ለመደበቅ ፊውዙን እዚያው ትቶ መኪናውን የሚሸጥ ሰው አለ። ዳሽቦርዱ ላይ ኤፍ ደብልዩ ዲ የሚል መብራት መብራት ነበረበት፤ አምፖሉ ካልተነቀለ።