የኮራሎቼን እድገት ያቆመው የማግኒዥየም ማነስ ነበር

የጨው ውሃ አኳሪየሜ ውስጥ ያሉት ኮራሎች፣ ማለትም ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠሩ የባሕር እንስሳት፣ ማደግ አቆሙ። አጽማቸውን የሚሠሩበትን ካልሲየምና አልካሊኒቲ (በውሃው ውስጥ ያለውን ካርቦኔት) እጨምራለሁ፤ በማግስቱ ስለካ ሁለቱም ወርደዋል። ማሞቂያውና ፓምፑ ላይ ደግሞ ነጭ ቅርፊት ይጋገራል። የምጨምረው ሁሉ ኮራሎቹ ጋ ሳይደርስ ዕቃው ላይ እየቀረ ነው ማለት ነው።

ማግኒዥየሙን ስለካው 1,100 ሚሊግራም በሊትር ሆኖ ተገኘ። የተፈጥሮ ባሕር ውሃ ወደ 1,300 ይጠጋል። ማግኒዥየም ካልሲየሙ ከካርቦኔት ጋር ተጣብቆ በየቦታው እንዳይጋገር ይከላከላል። ሲያንስ ግን መያዣ የለውም።

በንጹሕ ውሃ የሟሟ ማግኒዥየም ክሎራይድ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ጨመርኩ። መቸኮል የለም፤ ኮራል ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። ወደ 1,300 ሲጠጋ ካልሲየሙም አልካሊኒቲውም መዋዠቃቸውን ተዉ። ማሞቂያውንና ፓምፑን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፌ አጸዳሁ።

አሁን ቀይ ባሕርን ሳስብ ይገርመኛል። እኔ ለአንድ ሳጥን ውሃ ጠብታ እቆጥራለሁ። እሱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይገባበትም፤ ጨዉ በሊትር 40 ግራም ገደማ ነው። ማንም ሳይለካለት ዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ኮራል ያበቅላል!

ማግኒዥየምን በየሳምንቱ እለካለሁ። መለኪያው ውድ ነው፤ ከኮራል ግን ይረክሳል።