ያገለገለ መኪና ስትገዙ ሞተሩን ቀዝቃዛ እያለ እዩት

ለቤተሰብ የሚሆን ያገለገለ መኪና ለምትፈልጉ፦ ቪትዝ ወይም ያሪስ ነዳጅ አይበላም፤ መለዋወጫውም ሶማሌ ተራ ሞልቷል። ልጆች በዛ ካሉ ኮሮላ ይሻላል።

የትኛውም ይሁን፣ በጠዋት ሄዳችሁ ሳይነሳ ድረሱበት። ኮፈኑን አስከፍቱና እጃችሁን ወደ ሞተሩ አስጠጉ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሻጩ ቀድሞ አስነስቶታል፤ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ሲነሳ አንድ ሰው ከኋላ ቆሞ ጭሱን ይይ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው። ሞተሩ በደንብ ሞቆም ወፍራም ነጭ ጭስ ካላቆመ ውሃ እያስገባ ሊሆን ይችላል። የዘይት ክዳኑን ገልብጡት፤ ውስጡ ማኪያቶ የመሰለ አረፋ ካለ ዋጋ ሳትጠይቁ ውጡ።

የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ሳታመሳክሩ ደግሞ ቀብድ እንዳትከፍሉ። ደላላው «ሌላ ገዢ እየመጣ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ይምጣ።