የገጠር ሳር ቤትን በፈዘዘ ቀለም እንዴት እንሳል?

የወሎ ገጠር ሲሳል አብዛኛውን ጊዜ አረንጓዴው ይደምቃል። በጥር ወር ኩታበር ላይ ቆማችሁ ብታዩት ግን ሌላ መልክ አለው። የሳር ክዳኑ፣ የጭቃ ግድግዳው፣ የታጨደው ማሳ ሁሉም ዘመዳሞች ናቸው። እኔ የምወደው ይህንን መልክ ነው።

ጣሊያናዊው ሠዓሊ ጆርጆ ሞራንዲ (እ.ኤ.አ. 1890–1964) ግሪዛና በምትባል ተራራማ መንደር የገጠር ቤቶችን እንዲህ ሲስል ኖሯል። ብዙዎቹ ቤቶቹ በርም መስኮትም የላቸውም። ብርሃን ያረፈበት ግድግዳና ጥላ ያረፈበት ግድግዳ፣ በቃ።

መጀመሪያ የቤቱ ሁለት ጎን በሚታይበት ቦታ ተቀመጡ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ገደማ ጥሩ ነው። ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩ። ዝርዝሩ ይጠፋና ሰማይ፣ ተራራ፣ ማሳ፣ ጣሪያና ግድግዳ ብቻ ይቀራሉ። እነሱን በስሱ በእርሳስ ንደፉ።

ቀለም አራት ይበቃል፦ ነጭ፣ ቢጫ ኦከር (አፈር የሚመስል ቢጫ)፣ በርንት ሲየና (ቀላ ያለ ቡናማ)፣ አልትራማሪን ሰማያዊ (ጠለቅ ያለ ሰማያዊ)። ጥቁር አትንኩ። እኔ የአያቴን ቤት መጀመሪያ የሳልኩት ጥላውን በጥቁር አደብዝዤ ነበር። አያቴ አየችውና "ልጄ፣ ቤቴን ጭስ አስመሰልሽው" አለችኝ። ልክ ነበረች። ጥቁር ቀለሙን ይገድለዋል። ይልቅ ሲየናውንና ሰማያዊውን ደባልቁ፤ ጥቁር የሚመስል ግራጫ ይወጣል። ነጭ ጨምሩበት። ሰማያዊው በርከት ሲል የሩቁ ተራራ ይሆናል፣ ሲየናው በርከት ሲል የግድግዳው ጥላ። ለባሕር ዛፉ ኦከር፣ ትንሽ ሰማያዊና ነጭ።

ገበሬው ለፈረስና ለከብት ያለው የቀለም ስም እዚህ በጣም ይረዳል። ዳለቻ፣ ቡላ፣ ዳማ። እኔ ስደባልቅ "ይሄ ዳለቻ ነው፣ ይሄ ወደ ቡላ ሄደ" እላለሁ። ሁሉንም "ግራጫ" ካላችሁት ሁሉም አንድ ይሆንባችኋል።

ከመቀባታችሁ በፊት ተነስታችሁ ግድግዳውን በቅርብ እዩት። ምርጊቱ ውስጥ የጤፍ ጭድ አለ፤ ጭቃው በተሰነጠቀበት ወርቅማ ሆኖ ብቅ ይላል። ከሩቅ ጭዱ አይታይም፣ ግድግዳውን ግን ያሞቀዋል። ስለዚህ በጥላው ጎን እንኳ ኦከር ጣል አድርጉበት። ቀለሙን ቁራጭ ወረቀት ላይ ቀቡና ከግድግዳው ጋር አስተያዩት።

አሁን በሰፊ ብሩሽ ከሰማዩ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ቀለማችሁ አክሪሊክ (በውሃ የሚቀጥን፣ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም) ከሆነ ሲደርቅ ስለሚጠቁር ትንሽ አንጡት። ጠርዙን በመስመር አትክበቡት፤ ጣሪያውና ማሳው ቢነካኩ ችግር የለውም። ብርሃኑና ጥላው የሚለያዩት በጥቂቱ ብቻ ይሁን። ፈዘዝ ያለ ሥዕል የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው፣ ታገሱ።

በሩን ከሳላችሁት ከሥዕሉ ሁሉ ጠቆር ያለው እሱ ይሁን። ጉልላቱን ለመጨረሻ አቆዩት። በቀጭን ብሩሽ፣ በአንድ ምት፣ ሳትመለሱበት።