አናበርግን ስትጎበኙ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ካሪቢያን የሚሄድ ሰው ሐሳቡ ባሕርና አሸዋ ላይ ነው። ሴንት ጆን ደሴት ከደረሳችሁ ግን አናበርግን ሳታዩ እንዳትመለሱ። በአሜሪካ ቨርጂን ደሴቶች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች የሠሩበት የድሮ የስኳር እርሻና ማምረቻ ፍርስራሽ ነው። ያኔ ደሴቱ የዴንማርክ ቅኝ ግዛት ነበር፤ አሜሪካ በ25 ሚሊዮን ዶላር ወርቅ የገዛችው በ1917 ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ትልቁ ስህተት ወፍጮው ጋ ፎቶ ተነስቶ መሄድ ነው። የንፋስ ወፍጮው ግንብ ወደ 12 ሜትር ይጠጋል፣ ዓይን ይስባል፣ እውነት ነው። ግን ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። የአገዳውን ጭማቂ ተከተሉ። አገዳው ከላይ፣ ወፍጮው ዘንድ ይጨመቃል፣ ንፋስ ከሌለ ደግሞ አጠገቡ ባለው ክብ መደብ ላይ ከብቶች እየዞሩ ያስጨምቁታል፣ ጭማቂው ቁልቁል ወደ ማፍያው ቤት ይወርዳል፣ እዚያ በተርታ በተጣዱ ጋኖች ከትልቁ ወደ ትንሹ እየተጨለፈ እስኪወፍር ይፈላል። ማገዶው ራሱ የተጨመቀው አገዳ ገለባ ነው። ወንጂ ወይም መተሐራ ያደገ ሰው እንደሚያውቀው አገዳ ከተቆረጠ በኋላ አያስቆይም፣ ይበላሻል። ስለዚህ በመከር ጊዜ ሥራው ሌሊትም አያርፍም ነበር። አገዳውን መጭመቂያው ውስጥ የሚያስገቡት በእጅ ነው። በካሪቢያን ወፍጮ ቤቶች አጠገብ መጥረቢያ ይቀመጥ ነበር፤ እንቅልፍ ያዳፋው ሰው እጁ ከተያዘ፣ ሰውየው ሙሉ በሙሉ ሳይገባ ክንዱን ለመቁረጥ። ይህን አውቃችሁ ማፍያው ቤት ውስጥ አንድ አምስት ደቂቃ ቁሙ።

ሁለተኛው፣ በባርነት የሠሩት ሰዎች የኖሩበትን ቦታ ሳያዩ ማለፍ። ብዙ ሰው ያልፈዋል፣ ምክንያቱም የሚታይ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ተዳፋቱ ላይ የጎጆ መሠረቶች ብቻ ቀርተዋል። ቤቶቹ ምሰሶ ተተክሎ፣ በቅርንጫፍ ተማግረው፣ ጭቃና ኖራ ተለስነው፣ በቅጠል የተከደኑ ነበሩ። እኛ ይህን ቤት እናውቀዋለን! የጭቃ ቤት ነው። ሰው ካላደሰው በጥቂት ክረምት ወደ አፈር ይመለሳል። የጌታው ድንጋይ ቆሞ የሠሪው ቤት የጠፋው ለዚህ ነው፤ ያ ባዶ ተዳፋት ለእኔ ከግንቡ ይበልጣል።

ግንቡንም ቢሆን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከድንጋዩ መሀል እንደ አንጎል የተጠማዘዘ መስመር ያለው ነገር ታያላችሁ። ኮራል ነው፣ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚሠሩት ድንጋይ፣ ከባሕር የወጣ። በባርነት የነበሩት ሰዎች አውጥተው፣ ተሸክመው፣ ጠርበው ያስገቡት። ቢጫና ቀይ ጡቦቹ ከአውሮፓ በመርከብ የመጡ ናቸው። ታዲያ አትውጡበት፣ ለማስታወሻ ብላችሁም ቁራጭ አትውሰዱ። በፓርኩ ሕግ ክልክል ነው።

ሌላው የአነጋገር ነገር ነው። ከልጆች ጋር ስትሄዱ «የባሪያዎች ቤት» ከማለት «በባርነት የተያዙ ሰዎች ቤት» በሉ። በእኛ ቋንቋ ያ ቃል ዛሬም ስድብ ነው፣ እናውቀዋለን። «የፈረንጅ ጥፋት ነው» ብላችሁም አትለፉት፤ በእኛ አገር ባርነት በአዋጅ የተሻረው በ1942 ነው፣ ብዙም ሩቅ አይደለም።

እነዚህን ሰዎች ባርነትን ዝም ብለው የተቀበሉ አድርጎ ማሰብም ስህተት ነው። በኅዳር 1733 ከዛሬዋ ጋና አካባቢ የመጡ የአክዋሙ ሰዎች የአገዳ ቢላቸውን በማገዶ እንጨት ውስጥ ደብቀው ኮራል ቤይ በሚባለው የደሴቱ ክፍል ያለውን ምሽግ ያዙ። አብዛኛውን ደሴት ለወራት ተቆጣጥረዋል። የተሸነፉት ከማርቲኒክ ደሴት የፈረንሳይ ወታደር ሲመጣባቸው ነው። የምታዩት የአናበርግ ወፍጮ ግን ከዚያ ብዙ ቆይቶ የተሠራ ስለሆነ ሁለቱን አታምታቱ።

ቶሎ ቶሎ ልበላቸው የቀሩትን። በቀትር አትሂዱ፣ ጥላው ትንሽ ነው፤ ውኃ ያዙ። መኪና ከተከራያችሁ የሚነዳው በግራ በኩል ነው። ባሕር ዳር ማንቺኒል የሚባል ዛፍ አለ፣ ፍሬው ትንሽ አረንጓዴ ፖም ይመስላል፣ መርዝ ነው። ዝናብ ቢመጣ እንኳ ሥሩ አትጠለሉ፣ ጠብታው ቆዳ ያቃጥላል። አሜሪካ የምትኖሩ ደግሞ «ያው አሜሪካ ነው» ብላችሁ ግሪን ካርዳችሁን ቤት እንዳትተዉ። ስትመለሱ ኤርፖርት ላይ ወረቀት ይታያል። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ያላለቀ ከሆነ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጠበቃችሁን ጠይቁ።

የመጨረሻው ስህተት ፊትን ወደ ፍርስራሹ ብቻ አዙሮ መሄድ ነው። ወደ ባሕሩ ዙሩ። ማዶ የሚታየው ደሴት ቶርቶላ ነው፣ የእንግሊዝ። እዚያ ባርነት በ1834 ሲሻር እዚህ እስከ 1848 ቀጥሏል። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ነፃነት በዓይን ይታይ ነበር። በሌሊት በጀልባ የተሻገሩ አሉ፣ ሊዋኙት የሞከሩም አሉ። ቁጭ በሉና የውኃውን ስፋት በዓይናችሁ ለኩት።