ለሰፈር የባህል ቀን ቡና ስታፈሉ፣ መጀመሪያ ወንበር ቁጠሩ

እኔ በምኖርበት በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ጁን ላይ ጎረቤቱ ሁሉ የየአገሩን ይዞ የሚወጣበት የሰፈር ቀን አለን። የሐበሻው ክፍል እኔ ላይ ከተጣለ 6 ዓመት ሆነ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ሳምቡሳ ጠብሰን ረጅም ጠረጴዛ ላይ ደረደርን። ሰዉ ተሰለፈ፣ በወረቀት ሳህን ወሰደ፣ "ይጣፍጣል" አለ፣ ሄደ። 300 ሳምቡሳ አልቆ የአንድ ሰው ስም ሳላውቅ ቤቴ ገባሁ። ቆሞ የበላ እንግዳ አይጫወትም። ከዚያ በኋላ ነው ጀበና ይዤ መውጣት የጀመርኩት፤ እናንተም ሰፈር እንዲህ ያለ ቀን ካለ እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ።

ከቡናው በፊት ወንበሩን ቁጠሩ። አንድ ጀበና ከ8 እስከ 10 ሲኒ ይወጣዋል፤ ስለዚህ አንድ ክብ ከ9 ሰው አይብለጥ። ከመቁላቱ ጀምሮ እስከ በረካ አንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ ይፈጃል። 4 ሰዓት በሚቆይ ዝግጅት፣ በሁለት ጀበና ሦስት ጊዜ ብታስቀምጡ 50 ሰው አካባቢ ነው የምታስተናግዱት። አስተባባሪዎቹ "50 ብቻ?" ማለታቸው አይቀርም። እንዳትለሳለሱ። በወረቀት ኩባያ እየቀዳችሁ ለ300 ሰው አድሉ ካሏችሁ፣ እሱ የካፌ ሥራ ነው በሏቸው።

በርጩማ ለልጅና ለወጣት ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው ትልልቅ ሰዎች የሚታጠፍ ወንበር አምጡ፤ በርጩማ ላይ ያስቀመጥኳቸውን አንድ አዛውንት ለማስነሳት ሁለት ጎረምሳ ጠርቼ አውቃለሁ። በየክቡ ሁለት ወንበር ባዶ ይሁን፤ ዳር ቆሞ የሚያይ ዓይነ አፋር አይጠፋም። የኛን ሰው ደግሞ በትኑት። ሦስት ሐበሻ ጎን ለጎን ከተቀመጠ ወሬው በአምስት ደቂቃ ወደ አማርኛ ይዞርና እንግዳው ፈንዲሻውን እየቆረጠመ ስልኩን ያወጣል።

እሳት ላይ ተጠንቀቁ፤ እኔ ተዋርጄበታለሁ። በሦስተኛው ዓመት ዝናብ ሆነና ወደ አንድ አዳራሽ ገባን። ቡናው መንጣጣት ሲጀምር ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ሰዉ ሁሉ እዝናቡ ላይ ወጣ፣ የእሳት አደጋ መኪና መጣ፣ እኔ ማማሰያዬን እንደያዝኩ በር ላይ ቆሜ ይቅርታ ስል ዋልኩ። አንድ ጎረቤቴ እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር በጣቱ ወደ ጣሪያ ይጠቁመኛል። ስለዚህ መቁላት ውጭ ብቻ። ከሰል ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልተፈቀደ የኤሌክትሪክ ምድጃና ረጅም ኤክስቴንሽን ያዙ። እሳት ማጥፊያ ከአጠገባችሁ አይራቅ። ዕጣኑን ነፋሱ ጭሱን ከሰዉ አርቆ በሚወስድበት በኩል አስቀምጡት፣ አስም ያለበት ይኖራል።

የፈቃዱ ነገር አሰልቺ ስለሆነ ባጭሩ ልበል። ከካውንቲያችሁ የጤና ቢሮ ለጊዜያዊ ምግብ አቅርቦት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ከወር በፊት ጠይቁ። ለእጅ መታጠቢያ ቧንቧ ያለው የውሃ ማጠራቀሚያና ሳሙና ይኑር። ለሲኒው ሦስት ሳፋ አዘጋጁ፤ አንዱ ለሳሙና፣ አንዱ ለማለቅለቂያ፣ አንዱ ጥቂት በረኪና ጠብ ላለበት ውሃ። ቆሎው ውስጥ ለውዝ አይግባ፣ አለርጂ ያለበት ይኖራል። ለስድስቱም ክብ ግማሽ ኪሎ ጥሬ ቡና ይበቃችኋል።

አሁን ወደ ጨዋታው። ቡናውን ሁሉ ራሳችሁ አትቁሉት። ባለፈው ዓመት ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የምትኖር የኤልሳልቫዶር ሴት፣ ጥሬውን ይርጋጨፌ ዘግና አሸተተችና በስፓኒሽ የሆነ ነገር አለች። ልጇ ተረጎመልን፤ በልጅነቷ ቡና ለቀማ ትሄድ ነበር፣ እናቷም በሸክላ ምጣድ ትቆላ ነበር። ማማሰያውን ሰጠኋት። እኔ ከምቆላው በጣም አጠቆረችው፤ እናቴ ብታይ ከእጇ ትቀማት ነበር፣ እኔ ግን ዝም አልኩ። ልጇ ያን ቀን ስለ አያቱ የሰማውን ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር።

ሲኒውም ራሱ ወሬ ያመጣል። ጆሮ የለውማ። አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አዛውንት አቃጠላቸውና ቡናውን ማስቀመጫው ሳህን ላይ ገልብጠው እፍ እያሉ ጠጡ። ሁላችንም አየናቸው። ደቡብ ካሮላይና አያታቸው እንዲህ ነበር የሚጠጡት። የኔም አባት ሻይ ሲያቃጥላቸው እንዲሁ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ወዲያ ማንም እኔን አልሰማም፣ እሳቸውን ነበር የሚጠይቁት።

ስለዚህ ስለ 3000 ዘመን ንግግር አታዘጋጁ። እኔ አዘጋጅቼ ከሁለተኛው ደቂቃ በኋላ የሰማኝ የራሴ ባል ብቻ ነበር። አቦሉ ላይ ስምና ያደጉበትን አስጠይቁ፣ ቶናው ላይ እንግዳው ይጠይቅ፣ በረካው ላይ ራሱ ይሄዳል። ብትጠየቁ ግን የምትመልሱት ይኑራችሁ። የኛ ቀን ጁን 19 አጠገብ ነው የሚውለው፤ እ.ኤ.አ. በ1865 ቴክሳስ፣ ጋልቬስተን ውስጥ በባርነት የነበሩት ሰዎች ነጻ መሆናቸው የታወጀበት ቀን ነው። በሰው በዓል ሰሞን ቡና የሚያፈላ የበዓሉን ታሪክ ማወቅ አለበት። "እንዴት መጣሽ?" ስባል "በዲቪ" ብዬ አልተውም። የአውሮፓን ሰው ያስቀድም የነበረውን ኮታ ያስቀረው የኢሚግሬሽን ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ ጥቁሮች አሜሪካውያን ታግለው የመምረጥ መብት ሕጉን ባስወጡበት በዚያው ዓመት። በሩ የተከፈተው በዚያ ዘመን ነው እላለሁ።

የራሳችንን ሰው ከዋዜማው አነጋግሩት። ይሄን የምለው ተሸማቅቄ ስለማውቅ ነው። "እኛ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን" የሚል ሰው ክቡ ውስጥ ካለ ቡናው እዚያው ይበርዳል፤ ልጁን እዚህ አገር መንገድ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ ልዩነቱን አይጠይቅም። "ባሪያ" የሚለውን ቃል በቀልድም ሆነ በሹክሹክታ እንዳትለቁት። አማርኛ የሚሰማ ጎረቤት ደግሞ ከምታስቡት በላይ አለ።

ባንዲራም አንድ ዓመት ሙሉ አጨቃጭቆናል፤ አሁን አንሰቅልም። ሁለተኛውን ጀበና ለኤርትራዊት ጎረቤቴ ሰጥቻታለሁ። የሷ "አወል፣ ካልአይ፣ በረካ" ነው፣ ዝንጅብልም ትጨምርበታለች፣ እውነቱን ለመናገር የሷ ክብ ቀድሞ ይሞላል። የሐረር ልጅ ካለች ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ ታፍላ፣ ኦሮሞ እናት ካሉ በቅቤ የሚጠበሰውን ቡና ቀላ ይሥሩ። እንግዳው "የኢትዮጵያ ባህል የቱ ነው?" ብሎ ግራ ቢጋባ ምን ገዶን፣ እኛም ግራ እንጋባለን።

ስትጨርሱ ቄጠማውን ጥረጉ፣ ከሰሉን ውሃ አፍስሱበትና ሙሉ ለሙሉ ሳይበርድ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አትክተቱት። አንድ ጀበና ደግሞ ድንኳን ለሚያነሱት ልጆች አስቀሩ። ጀበናዎቹን ለየብቻ በፎጣ ጠቅልሉ፤ የሚሰበረው አንገታቸው ነው፣ እኔ ሁለት ሰብሬያለሁ።